የሚያሰላውን ከሚፈጽመው መለየት፦ ከጎንደር ለቀረበ የፕሮግራመር ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ ለሆቴሎችና ለእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል ማስያዣና የሒሳብ ሶፍትዌር በሚሠራ አነስተኛ ቡድን ውስጥ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቀው ጃቫንና ኦብጀክት ኦሪየንትድ አሠራርን ነው። ስለ ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ደጋግሜ ስሰማ ሃስኬል ጀመርኩ፤ ሞናድ የሚባለው ጋ ስደርስ ግን ግራ ገብቶኝ ተውኩት። የተማርኩትን ሁሉ መጣል አለብኝ? ከየትኛው ቋንቋ ልጀምር? ለእኛ ዓይነት ሥራ ይጠቅማል ወይስ የተመራማሪዎች ጉዳይ ነው? እንጀራስ ይወጣዋል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን መልስ ላስቀድም። የተማርከውን አትጣል፤ ለጊዜውም ቋንቋ አትቀይር። አሁን በእጅህ ባለው የጃቫ ኮድ ውስጥ የሚያሰላውን ክፍል ከሚፈጽመው ክፍል መለየት ጀምር። ማስላት ማለት ከተሰጠ መረጃ ተነሥቶ መልስ ማውጣት ነው። መፈጸም ደግሞ ዳታቤዝ ላይ መጻፍ፣ ደረሰኝ ማተም፣ ለእንግዳው አጭር መልእክት መላክ፣ ኮምፒውተሩን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በእኔ እምነት ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው፤ ላምዳው (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን)፣ ሞናዱ፣ ዝርዝርን ደረጃ በደረጃ የሚያሳልፈው ረጅሙ የስትሪም ሰንሰለት ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል።

የአንተን ዓይነት ኮድ በደንብ አውቀዋለሁ። «ሒሳብ» የሚባል ክላስ (መረጃንና በእርሱ ላይ የሚሠሩ ተግባራትን፣ ማለትም ሜተዶችን፣ አንድ ላይ የሚይዝ የኮድ ክፍል) አለ። የሌሊቱ ብዛት፣ የክፍሉ ተመን፣ ቅናሹ፣ ታክሱና ጠቅላላ ድምሩ ውስጡ ተቀምጠዋል። አንዱ ሜተድ ተመኑን ከዳታቤዝ ያመጣል፤ ሌላው ቅናሹን ቀንሶ ድምሩን ይለውጣል፤ ሦስተኛው ታክስ ይጨምራል፣ እግረ መንገዱንም ውጤቱን ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ሜተድ ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም። ነገሩ የሚበላሸው የትኛው ከየትኛው በፊት እንደተጠራ በማይታወቅበት ጊዜ ነው።

በቁጥር እንየው። እንግዳው 3 ሌሊት በ2,000 ብር አደረ፤ 6,000 ብር ሆነ። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከል 6,600፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ 7,590 ብር ይሆናል። ባለቤቱ ለደንበኛቸው 500 ብር ቅናሽ አደረጉ እንበል። ቅናሹ ከመነሻው ከ6,000 ላይ ከተቀነሰ የመጨረሻው ሒሳብ 6,957 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ከመጨረሻው ድምር ላይ ከተቀነሰ ደግሞ 7,090 ብር። የ132 ብር ከ50 ሳንቲም ልዩነት ማለት ነው። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስኑት የሆቴሉ አሠራርና የታክስ ሕጉ ናቸው። በዚያ ክላስ ውስጥ ግን ውሳኔው የትም ቦታ ተጽፎ አይገኝም። ከእንግዳ መቀበያው ገጽ ሲጠራ አንድ ቅደም ተከተል፣ ከሥራ አስኪያጁ ገጽ ሲጠራ ሌላ ቅደም ተከተል ሊይዝ ይችላል፤ ሁለት ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ድረስም ማንም አያየውም።

ይህንኑ ስሌት እንዲህ አድርገህ ጻፈው፦

መነሻ = የክፍል_ዋጋ(ተመን፣ ሌሊት)
ከቅናሽ_በኋላ = ቅናሽ_ቀንስ(መነሻ፣ ቅናሽ)
ከአገልግሎት_በኋላ = አገልግሎት_ጨምር(ከቅናሽ_በኋላ)
ጠቅላላ = ታክስ_ጨምር(ከአገልግሎት_በኋላ)

እያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። እያንዳንዱ ፋንክሽን የሚፈልገውን ሁሉ በግልጽ ይቀበላል፣ መልሱን ይመልሳል፣ ሌላ ምንም አይነካም። ያው ግብዓት ሲገባለት ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት ይሰጣል። ንጹሕ ፋንክሽን የሚባለው ይህ ነው። ቅደም ተከተሉ አሁን አራት መስመር ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋን ከጎንህ አስቀምጠህ «ቅናሹ እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ልክ ነው?» ብለህ ልትጠይቃት ትችላለህ። ለመፈተሽ ዳታቤዝ ማስነሣት አይጠበቅብህም፤ ቁጥር ሰጥተህ ቁጥር ትቀበላለህ። (ጃቫ የግዕዝ ፊደልን በስምነት ይቀበላል። ቡድኑ ከተስማማ ከላይ ያሉትን ስሞች እንዳሉ መጠቀም ይቻላል፤ የንግድ ደንቡን ለሚያውቁት ሰዎች ኮዱን ማሳየት በጣም ይቀላል።)

ቀጥሎ የምመክርህ የቀን ስሌቱን እንድታነሣ ነው፤ ምክንያቱም ሆቴሎቻችን ውስጥ ከዋጋ ቀጥሎ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚያ ነው። የውጭው እንግዳ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ያስይዛል፤ የአገሬው እንግዳና ደረሰኙ በእኛው አቆጣጠር ይሄዳሉ። ጥምቀት በእኛ ምንጊዜም ጥር 11 ነው። በእነርሱ ግን በ2017 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19፣ ከዚያ በፊት በነበረው በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጃንዋሪ 20 ዋለ፤ ምክንያቱም ከእርሱ በፊት የነበረው የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ቀን ነበር። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ከተማው በጥምቀት ሰሞን እንዴት እንደሚሞላ ታውቃለህ፤ በዚያ ሳምንት የአንድ ቀን መዛባት ማለት ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ ክፍል አጥቶ መቀበያው ፊት ይቆማል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ለንጹሕ ፋንክሽን የተፈጠረ ነው። ሦስት ቁጥር ይገባል፣ ሦስት ቁጥር ይወጣል። ጃቫ ከራሱ ጋር ከሚያመጣቸው አቆጣጠሮች መካከል የእኛ ስለሌለ ወይ ሌሎች የጻፉትን የኮድ ቤተ መጻሕፍት ትጨምራለህ ወይ ራስህ ትጽፈዋለህ። በሁለቱም መንገድ «ዛሬ»ን ፋንክሽኑ ውስጥ ገብተህ ከኮምፒውተሩ ሰዓት አትጠይቅ፤ ከውጭ በግብዓትነት ስጠው። ያኔ ጳጉሜ 6ን ለመፈተሽ አራት ዓመት መጠበቅ ወይም የሰርቨሩን ሰዓት መለወጥ አያስፈልግህም። ከጳጉሜ 4 እስከ መስከረም 2 ያደረ እንግዳ በ2015 ማብቂያ ላይ ከሆነ የ4 ሌሊት፣ በ2016 ማብቂያ ላይ ከሆነ የ3 ሌሊት እንደሚከፍል ሁለት የሙከራ መስመር ጽፈህ ታረጋግጣለህ።

ጃቫ ራሱም በዚሁ በቀን ጉዳይ ተምሯል። የድሮዎቹ የዴትና የካሌንደር ክላሶች የሚለወጡ ነበሩ፤ አንዱ ሜተድ የተሰጠውን ቀን ሲቀይረው ያንኑ ኦብጀክት የያዙ ሌሎች ክፍሎች ሁሉ ሳያውቁት ቀናቸው ይቀየርባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጃቫ 8 የመጣው ሎካልዴት ግን አይለወጥም፤ ሦስት ቀን ጨምርበት ስትለው አዲስ ቀን ይሰጥሃል፣ የቀድሞው እንዳለ ይቀራል። ስትሪንግም ከመጀመሪያው እንዲህ ነው። ስለዚህ የማይለወጥ ዋጋ ለአንተ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጃቫ ከጀመርክበት ቀን አንሥቶ አብሮህ ኖሯል። አሁን የቀረህ ያንኑ ጠባይ ለራስህ ክላሶች መስጠት ነው። ሪከርድ (መስኮቹ ከተፈጠሩ በኋላ የማይለወጡ አጭር ክላስ) በጃቫ 16 ከጸና ወዲህ ደግሞ ይህ የአንድ መስመር ሥራ ሆኗል።

ሪከርድን ሲልድ ከሚባለው፣ ከተፈቀዱለት ዓይነቶች ሌላ ከማይቀበለው ኢንተርፌስ ጋር ስታጣምረው ትልቁ ነገር ይመጣል፤ እኔ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ለለመደ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የማሳየው ይህንን ነው። «ክፍያ» የሚለውን ክላስህን አስበው። የክፍያ ዓይነት፣ የቴሌብር ግብይት ቁጥር፣ የባንክ ስም፣ የማስተላለፊያ ቁጥር፣ ገንዘብ ተቀባይ የሚሉ መስኮች ይኖሩታል፤ በየትኛውም ክፍያ ላይ ግማሾቹ ባዶ ናቸው። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ሆኖ የቴሌብር ቁጥር ያለው ክፍያ፣ በባንክ የተከፈለ ሆኖ የባንክ ስም የሌለው ክፍያ፣ ሁለቱም መፈጠር ይችላሉ። ስለዚህ ኮድህ ሁሉ «ባዶ ካልሆነ» በሚል ጥያቄ ይሞላል። ባዶ ማጣቀሻን (ምንም የማያመለክተውን) እ.ኤ.አ. በ1965 ያስገቡት የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር ራሳቸው በ2009 «የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ» ብለውታል።

በፋንክሽናል አስተሳሰብ ክፍያ ከሦስት አንዱ ነው፦ ወይ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ተቀባዩም ይታወቃል፤ ወይ ቴሌብር ነው፣ የግብይት ቁጥር አለው፤ ወይ የባንክ ማስተላለፍ ነው፣ ባንኩና ቁጥሩ አለው። አራተኛ የለም፤ የተሳሳተው ጥምረት መጻፍ እንኳን አይቻልም። ከጃቫ 21 ጀምሮ በእነዚህ ዓይነቶች ላይ ስዊች (እንደ ዓይነቱ የሚለያይ ምርጫ) ስትጽፍ አንዱን ከረሳህ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አላሳልፍም ይልሃል። ነገ ሆቴሉ በካርድ መቀበል ሲጀምር አራተኛውን ዓይነት ትጨምራለህ፤ ኮምፓይለሩም በደረሰኙ፣ በዕለት መዝጊያው፣ በሪፖርቱ ውስጥ መነካት ያለበትን ቦታ እየዞረ ያሳይሃል። ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ወደ ባዶ መስኮች መመለስ ይከብደዋል።

እዚህ ላይ ሁለቱ አስተሳሰቦች በእውነት የሚለያዩበት ቦታ አለ። በኦብጀክት ኦሪየንትድ መንገድ አዲስ ዓይነት መጨመር ቀላል ነው፤ አንድ ክላስ ጽፈህ ሜተዶቹን ትሞላለህ፣ የቀድሞውን አትነካም። አዲስ ተግባር መጨመር ግን ሁሉንም ክላስ ያስከፍትሃል። በፋንክሽናል መንገድ ነገሩ ይገለበጣል፤ አዲስ ተግባር አንድ ፋንክሽን ነው፣ አዲስ ዓይነት ግን ያሉትን ፋንክሽኖች ሁሉ ያስነካል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፊሊፕ ዋድለር እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚህ ውጥረት «ኤክስፕሬሽን ፕሮብሌም» የሚል ስም ሰጥተው ጽፈውበታል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ መፍትሔ ቢቀርብም ሁለቱንም ያለ ዋጋ የሚሰጥ ቀላል መንገድ የለም። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለት «የእኔ ሥራ ላይ ወደፊት የሚበዛው ዓይነቱ ነው ወይስ ተግባሩ?» ብለህ ጠይቅ። የክፍያ ዓይነት በዓመት አንድ ቢጨመር ነው፤ ሪፖርት ግን በየወሩ አዲስ ይጠየቃል። ለክፍያ የፋንክሽናሉን መንገድ እመርጣለሁ። ደረሰኝ ማተሚያ መሣሪያዎች ግን በየሆቴሉ ይለያያሉ፣ ከእነርሱ የሚፈለገውም «አትም» ብቻ ነው፤ እዚያ የለመድከው ኢንተርፌስና ክላስ ይበልጣል። የተማርከውን አትጣል ያልኩህ ለዚህ ነው።

«ለእኛ ሥራ ይጠቅማል?» ላልከው ከሁሉ የጠነከረው መልሴ የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ ነው። የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ አንድ ኮምፒውተር አለው፤ ፒያሳ ያለው የማስያዣ ቢሮ ሌላ። ኔትወርኩ ሲጠፋ ሁለቱም ክፍል 204ን ያስይዛሉ። ዳታቤዝህ ለክፍሉ አንድ «ሁኔታ» የሚል መስክ ብቻ ካለው፣ ኔትወርኩ ሲመለስ ኋላ የተላከው የፊተኛውን ይደመስሰዋል፤ አንዱ እንግዳ ያለ ምንም ምልክት ይጠፋል። በዚህ ፈንታ የሆነውን ነገር መዝግብ፦ ተያዘ፣ ተራዘመ፣ ተሰረዘ፣ ገባ፣ ወጣ። እነዚህ መስመሮች አንዴ ከተጻፉ አይፋቁም፤ ጠንቃቃ የሒሳብ ሠራተኛ የተሳሳተውን መስመር ሳይፍቅ የማስተካከያ መስመር እንደሚጨምር ሁሉ ለውጥ ሲመጣ አዲስ መስመር ይጨመራል። የክፍሉ የአሁን ሁኔታ ከዝርዝሩ የሚሰላ ውጤት ይሆናል፤ ይኸውም በስትሪም ውስጥ ሪዲውስ (ዝርዝርን ወደ አንድ ውጤት ማጠቃለል) የምትለው ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁለቱ ዝርዝሮች ይቀላቀላሉ፣ አንድ ንጹሕ ፋንክሽንም በአንድ ክፍል ላይ ሁለት መያዣ መኖሩን አይቶ ለሠራተኛው ይናገራል። ግጭቱ እንዳይፈጠር አያደርግም፤ ሁለቱም ያንኑ ክፍል ማስያዝ እስከተፈቀደላቸው ድረስ ማንም ሶፍትዌር ግንኙነት በሌለበት ይህን ማድረግ አይችልም። እንግዳው አልጋው ላይ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ተደብቆ እንዳይቆይ ግን ያደርጋል። በዚህ አገር ለሚሠራ ሶፍትዌር ይህ ቅንጦት አይደለም።

ወደ ሞናድ ልመለስ፣ በእርሱ ምክንያት ነውና ያቆምከው። ሃስኬል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ሞናድን ለግብዓትና ውጤት አይጠቀምም ነበር፤ በቋንቋው ደንብ ውስጥ የገባው በ1996 በወጣው 1.3 እትም ነው። የቋንቋው ደንብ ለስድስት ዓመት ያህል ያለ እርሱ ከቆየ አንተም ጥቂት ወራት ብታቆየው ምንም አይቀርብህም። ደግሞም ሳታውቀው ትጠቀምበታለህ። በጃቫ ኦፕሽናል (ዋጋ ሊኖረውም ላይኖረውም የሚችል ሳጥን) ላይ ቀጣዩን እርምጃ የሚያያይዘውን ፍላትማፕ ስትጠራ «እንግዳው ከተገኘ መያዣውን ፈልግ፤ መያዣው ከተገኘ ሒሳቡን አምጣ፤ መሐል ላይ ከጠፋ እዚያው አቁም» እያልክ ነው። ይህን ቅርጽ በኦፕሽናል፣ በስትሪምና ኮምፕሊታብልፊውቸር በሚባለው ላይ ደጋግመህ ስታየው አንድ ዓይነት መሆኑ ራሱ ይገለጥልሃል። ስሙን ያኔ ብትማረው ይበቃል።

ቋንቋ የምትቀይረው መቼ ነው? ከላይ ያልኩህን በጃቫ ለተወሰነ ጊዜ ከሠራህበት በኋላ፣ ለመማሪያ ብቻ፣ የድሮው ልማድ የማይፈቀድበትን አንድ ቋንቋ ያዝ። ስካላና ኮትሊን መልካም ቋንቋዎች ናቸው፤ ለዚህ ዓላማ ግን አልመክራቸውም፤ ክላስና የሚለወጥ ቫሪያብል ስለሚፈቅዱ ሰው ጃቫውን በሌላ አጻጻፍ ሲጽፍ ይኖራል። ሃስኬል አያስኬድህም፣ ያ ጥቅሙ ነው፤ ኤልምም እንዲሁ፣ በዚያ ላይ ትንሽ ነው፣ የኮምፓይለሩ የስሕተት መልእክቶችም በትዕግሥት እንደሚያስረዳ መምህር ናቸው። ለጀማሪ ኤልምን አስቀድማለሁ። ቡድናችሁ ሲ ሻርፕም የሚጠቀም ከሆነ ኤፍ ሻርፕ ከዶትኔት መሣሪያው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ የሚወርድ ነገር የለውም፤ ኢንተርኔት ሲገኝ ብቻ ለሚያወርድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንዳንድ ጥንቃቄዎች አሉ። ሉፕን ሁሉ ራሱን በሚጠራ ፋንክሽን አትተካ፤ ጃቫ የመጨረሻ ጥሪን (በፋንክሽኑ ማብቂያ ላይ የሚደረገውን ጥሪ) ስለማያቃልል ዝርዝሩ ሲረዝም ያላለቁ ጥሪዎች የሚቀመጡበት ስታክ ሞልቶ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ስምንት ደረጃ ያለው የስትሪም ሰንሰለት ከተራው ሉፕ የተሻለ አይደለም፤ ማንበብ ካስቸገረ መካከል ላይ ቆርጠህ ስም ስጠው። አንድ ሜተድ ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው የሚያልቅ የሚለወጥ ቫሪያብልም ኃጢአት አይደለም፤ አደገኛው በብዙ ክፍሎች መካከል የሚጋሩት ነው። ይህ አዲስ ፋሽን ነው የሚሉህንም አትስማ፤ የፋንክሽናል አስተሳሰብ መሠረት የሆነው የአሎንዞ ቸርች የላምዳ ስሌት እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ ነው፣ ጆን ማካርቲ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፣ የኦብጀክት ኦሪየንትድ አባት የሚባለው ሲሙላ 67 የተባለው ቋንቋ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

እንጀራ ይወጣዋል ወይ ላልከው፤ «ሃስኬል የሚችል ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ጎንደርም አዲስ አበባም አትጠብቅ። የሚፈለገው ጃቫ፣ ፓይተን፣ ጃቫስክሪፕት ነው። ነገር ግን ሪአክት (የድረ ገጽ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ቤተ መጻሕፍት) እ.ኤ.አ. በ2019 ሁክስን (ተራ ፋንክሽኖች ሁኔታን እንዲይዙ የሚያስችለውን) ካመጣ ወዲህ ገጽ የሚሠራው በአብዛኛው በፋንክሽኖች ነው፤ የማይለወጥ መረጃን የለመደ ሰው እዚያ ሲገባ ሌሎች ወራት የሚፈጁበትን ቶሎ ይይዘዋል። ከርቀት ለውጭ ድርጅት ለመሥራት ፈተና የምትቀመጥ ከሆነም የሰጡህን ችግር በንጹሕ ፋንክሽን ከፋፍለህ፣ የሙከራ ኮዱን አብረህ ጽፈህ ስታቀርብ ፈታኙ ሥራህን ለማንበብ አይቸገርም። ለአሁኑ ግን በዚህ ሳምንት የሒሳቡን ክላስ ክፈትና ዳታቤዝ የሚነካውን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ አውጣ። የሚቀረው ስሌት ስንት መስመር እንደሆነ ቆጥረህ ጻፍልኝ፤ ኮዱን ከላክህልኝ የቀረውን አብረን እናየዋለን።